ማስፋት ከታች፣ ማጥበብ ከላይ፤ በኔትወርክ ማከማቻ ላይ የቮሊዩምን ስፋት ያለ ጉዳት ስለ መለወጥ

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)




የአንድ መሥሪያ ቤት የመረጃ ማከማቻ ሥራውን በትክክል እስካከናወነ ድረስ የሚያስታውሰው ሰው የለም። የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል የታካሚውን የቀድሞ ታሪክ ሲያወጣ፣ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት የቆየ ውሳኔ ሲያቀርብ፣ ሒሳብ ሹሙም የወሩን ደመወዝ ሲያሰላ፣ እነዚህ ሁሉ ጽሑፎች በየትኛው ዲስክ ላይ እንደ ሰፈሩ የሚጠይቅ አይገኝም። ማከማቻው የሚታወሰው መዝገቡ በጠፋበት ዕለት ነው። በዚያን ዕለት ጥያቄው ስለ መሣሪያው መሆኑ ይቀርና መሣሪያውን በአደራ ስለ ተረከበው ባለሙያ ይሆናል።

ይህ ባለሙያ በዓመት ውስጥ ከሚያከናውናቸው ተግባሮች መካከል በጣም ተራ መስሎ የሚታየው የቮሊዩምን ስፋት መለወጥ ነው። አንዱ ክፍል ቦታ ጠበበኝ ይላል፤ ሌላው ክፍል የተሰጠውን ቦታ ሳይሠራበት ዓመት ያልፋል። በኢትዮጵያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምርና ግዥውም በጨረታ ስለሚፈጸም፣ ቦታ ባነሰ ቁጥር አዲስ ዲስክ ገዝቶ መጨመር አይቻልም። እስከዚያው ድረስ ከአንዱ ቀንሶ ለሌላው መስጠት የሚቀናው መፍትሔ ይሆናል። ትእዛዙ ከአንድ መስመር አይበልጥም፤ ብዙውን ጊዜም በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ይፈጸማል። ይሁን እንጂ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ የተፈጸመ ማጥበብ የብዙ ዓመት መዝገብ ይዞ ሊሄድ ይችላል።

የዚህ ንግግር ዓላማ ሥራው ያለ ጉዳት የሚፈጸምበትን ሥርዐት ከነምክንያቱ ማስረዳት ነው። ሥርዐቱ በአጭሩ ሲነገር፣ ማስፋት ከታች ወደ ላይ፣ ማጥበብ ከላይ ወደ ታች ይሠራል የሚል ነው። ይህን ብዙ ባለሙያ በቃሉ ያውቀዋል። ምክንያቱን ያልተረዳ ግን በሚቸኩልበት ሌሊት ይዘነጋዋል። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ እንዲሉ፣ ከሥሩ መነሣት ያስፈልጋል።

እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ እርከኖች

ቀደም ባለው ዘመን እያንዳንዱ ኮምፒዩተር የራሱ ዲስክ ነበረው፤ ፋይል ሲስተሙም ከዚያ ዲስክ ወይም ከዲስኩ ክፍልፋይ አይወጣም ነበር። ይህን የጠበቀ ግንኙነት ያላቀቁት በየጊዜው የተፈጠሩ ልዩ ልዩ ዘዴዎች ናቸው። ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1984 ባዘጋጀው ኤን ኤፍ ኤስ በተሰኘ ፕሮቶኮል አማካይነት፣ በአንድ ማሽን ላይ ያሉ ፋይሎች በኔትወርክ ለብዙ ማሽኖች መቅረብ ቻሉ። እ.ኤ.አ. በ1988 በበርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ ስለ ሬይድ የጻፉትን ጥናት አቀረቡ፤ ብዙ ርካሽ ዲስኮችን አጣምሮ እንደ አንድ ትልቅና አስተማማኝ ዲስክ የማሠራት ሐሳብም ከዚያ ወዲህ በሰፊው ተሠራበት። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ አይስከዚ የተባለው ፕሮቶኮል በይፋ ሲወጣ፣ በሌላ ክፍል ያለ ማከማቻ በተራ የኔትወርክ ገመድ በኩል ለሰርቨሩ የራሱ ዲስክ መስሎ መታየት ቻለ።

ከዚህ የተነሣ ዛሬ በአንድ ፋይልና በዲስኩ መካከል ብዙ እርከኖች ይገኛሉ። ከታች ሲጀመር መጀመሪያ ዲስኮቹ አሉ። እነርሱ በሬይድ ተጣምረው፣ በሙያው ቋንቋ ፑል የሚባለውን የጋራ ክምችት ያስገኛሉ። ከጋራ ክምችቱ ላይ ቮሊዩም ይቆረጣል። ቮሊዩሙ በኔትወርክ ተሻግሮ በሰርቨሩ ዘንድ እንደ ዲስክ ይታያል። ሰርቨሩ በላዩ ላይ ፓርቲሽን ያበጅለታል፤ የሊኑክስ ሰርቨር ከሆነም ብዙ ጊዜ ኤል ቪ ኤም የሚባለው የቮሊዩም አስተዳዳሪ ይቀመጥበታል። ከዚያ በላይ ፋይል ሲስተሙ ይዘረጋል፤ በፋይል ሲስተሙ ላይ ዳታቤዙ ያርፋል፤ በዳታቤዙም ውስጥ የታካሚው ስም ይገኛል።

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ የሚከተለው ነው። እያንዳንዱ እርከን ስለ በታቹ እርከን የሚያውቀው በመሠረቱ አንድ ቁጥር ነው፤ ይኸውም የብሎኮቹ ብዛት ነው። ከበላዩ ስላለው እርከን ግን ምንም አያውቅም። ማከማቻው ለአንድ ሰርቨር ቮሊዩም ሲሰጥ፣ ተከታታይ ቁጥር የተጻፈባቸውን ሣጥኖች እንዳስረከበ ይቆጥረዋል። በአንድ ሚሊዮንኛው ሣጥን ውስጥ የታካሚ ካርድ ይኑር ወይም ከተሰረዘ ቆይቶ የተረሳ ደብዳቤ ይኑር ለይቶ አያውቅም። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን ሣጥኖች እንዲመልስ ሲታዘዝ ውስጣቸውን ሳያይ ይመልሳል። ፋይል ሲስተሙም በበኩሉ ስፋቱን በራሱ መዝገብ ጽፎ ይዟል፤ ከበታቹ ያለው ቢለወጥ ያንን መዝገብ በራሱ ፈቃድ አያስተካክልም።

መሰላሉን ከታች እስከ ላይ የሚያውቀው እንግዲህ ባለሙያው ብቻ ነው። እርከኖቹን እርስ በርሳቸው የሚያስተዋውቃቸውም እርሱ ነው። ሊጠብቀው የሚገባውም ሕግ አንድ ነው፤ በማንኛውም ቅጽበት የላይኛው እርከን ከታችኛው እርከን ሰፍቶ መገኘት የለበትም። በሚሰፋበት ጊዜ ታችኛው የሚቀድመው፣ በሚጠብበት ጊዜ ላይኛው የሚቀድመው በዚህ ሕግ ምክንያት ነው።

ስለ ማስፋት

ማስፋት ከጋራ ክምችቱ ይጀምራል። የመጀመሪያው ጥያቄ ሊሰጥ የታሰበው ቦታ በተጨባጭ መኖሩ ነው። ይህ ጥያቄ የሚነሣው ብዙ ማከማቻዎች ቲን ፕሮቪዥኒንግ በሚባለው አሠራር፣ ካላቸው ዲስክ በላይ ተስፋ መስጠት ስለሚችሉ ነው። 20 ቴራባይት ዲስክ ያለው ማከማቻ ለ10 ክፍሎች፣ ለእያንዳንዳቸው 4 ቴራባይት ሰጥቻለሁ ሊል ይችላል፤ የተስፋው ድምር 40 ቴራባይት ይሆናል። ክፍሎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ እስካልሞሉት ድረስ አሠራሩ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን በባንክ ካለው ገንዘብ በላይ ቼክ እንደሚጽፍ ነጋዴ፣ ባለ ቼኮቹ ሁሉ በአንድ ቀን የመጡ እንደሆነ መክፈል አይቻልም። የጋራ ክምችቱ በሞላ ጊዜ የሚቆመው ቦታ ያባከነው ክፍል ብቻ ሳይሆን በዚያ ክምችት ላይ የሚጽፈው ሁሉ ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ማከማቻ ላይ ማስፋት ምንም አደጋ የሌለበት ሥራ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። የጋራ ክምችቱ የተጨባጭ አጠቃቀም ከመስፋቱ በፊት ተነብቦ በጽሑፍ ሊሰፍር ይገባል።

ቮሊዩሙ በሌላ ሥፍራ ግልባጭ ያለው ከሆነ፣ የግልባጩ ማረፊያ ከምንጩ አስቀድሞ ይሰፋል። ትልቁን በትንሹ ውስጥ መገልበጥ አይቻልምና ይህ ቅደም ተከተል የተዛባ እንደሆነ ግልባጩ ይቋረጣል። በማጥበብ ጊዜ ደግሞ ምንጩ ይቀድማል።

ከዚህ በኋላ ቮሊዩሙ በማከማቻው ላይ ይሰፋል። ሰርቨሩ ግን ይህን ወዲያውኑ ያውቃል ተብሎ አይታመንም፤ ዲስኩን እንደገና እንዲመረምር ይታዘዛል። ከማከማቻው ጋር በሁለት ወይም በአራት መንገድ የተገናኘ ሰርቨር ከሆነ፣ መንገዶቹ ሁሉ አዲሱን ስፋት ማሳየታቸው በየተራ ይረጋገጣል። አንደኛው መንገድ የቀድሞውን ቁጥር ይዞ ከቀረ፣ የሚቀጥለው ሥራ በተሳሳተ መሠረት ላይ ይቆማል።

ቀጥሎ ፓርቲሽኑ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1983 ከፒሲ ዶስ 2.0 ጋር የወጣው የፓርቲሽን ሠንጠረዥ የሴክተሮችን ቁጥር በ32 ቢት ስለሚጽፍ፣ በ512 ባይት ሴክተር ሲሰላ ከ2,199,023,255,552 ባይት ያለፈውን ቦታ ሊያመለክት አይችልም። ከዚህ መጠን በላይ የሚሰፋ ቮሊዩም ጂ ፒ ቲ የተባለውን ሠንጠረዥ ይፈልጋል። ጂ ፒ ቲ አንዱን ቅጂ በዲስኩ መጀመሪያ፣ ሁለተኛውን ቅጂ በዲስኩ መጨረሻ ያስቀምጣል። ቮሊዩሙ ሲሰፋ የቀድሞው መጨረሻ ወደ መካከል ይገባል፤ ስለዚህ ሁለተኛው ቅጂ ወደ አዲሱ መጨረሻ ይዛወራል። ከፓርቲሽኑ በኋላ ኤል ቪ ኤም፣ ከኤል ቪ ኤም በኋላ ፋይል ሲስተሙ ይሰፋል። በሊኑክስ ላይ ኤክስት 4 እና ኤክስ ኤፍ ኤስ የተባሉት ፋይል ሲስተሞች ሁለቱም ተጠቃሚው ሥራውን ሳያቋርጥ ሊሰፉ ይችላሉ።

በዚህ ቅደም ተከተል የተሠራ ማስፋት መካከል ላይ ቢቋረጥ፣ በአብዛኛው የሚከተለው ጉዳት የላይኛው እርከን ገና ያልተጠቀመበት ትርፍ ቦታ መቅረቱ ነው። ባለሙያው በማግሥቱ ካቆመበት ሊቀጥል ይችላል።

ስለ ማጥበብ

በማጥበብ ጊዜ ይህ ይቅርታ የለም። የሚቆረጠው ጅራት ባዶ ላይሆን ስለሚችል፣ አስቀድሞ ፋይል ሲስተሙ በዚያ ያሉትን ብሎኮች ወደ ፊት ማዛወርና የራሱን መዝገብ ማስተካከል አለበት። ሁሉም ፋይል ሲስተም ይህን ማድረግ አይችልም። ኤክስት 4 ሊጠብ ይችላል፤ ነገር ግን ከአገልግሎት ወጥቶ፣ ሙሉ ምርመራ ተደርጎለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ሲሊከን ግራፊክስ ያወጣው ኤክስ ኤፍ ኤስ ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ እንዲሰፋ እንጂ እንዲጠብ የታቀደ አይደለም፤ በእርሱ ላይ ያለ መረጃ ወደ ትንሽ ቮሊዩም የሚገባው አዲስ ቮሊዩም አዘጋጅቶ በመገልበጥ ነው። የዊንዶውስ ኤን ቲ ኤፍ ኤስ ከቪስታ ወዲህ በራሱ መሣሪያ ሊጠብ ይችላል፤ ይሁን እንጂ ሊነቃነቅ የማይችል ፋይል ካጋጠመው በዚያው ይቆማል፤ ከዚያ በታች አይወርድም። ስለዚህ ማንኛውም የማጥበብ ጥያቄ ሲቀርብ የመጀመሪያው መልስ፣ በላዩ ያለው ፋይል ሲስተም የትኛው ነው የሚል ጥያቄ መሆን አለበት።

ሥራው እንዴት እንደሚሄድ በምሳሌ ይታይ። አንድ ሆስፒታል በቢሮ ቋንቋ 4 ቴራ የሚባል ቮሊዩም አለው እንበል። ፓርቲሽን ሳይበጅለት ኤል ቪ ኤም በቀጥታ ተቀምጦበታል፤ ፋይል ሲስተሙ ኤክስት 4 ነው፤ በውስጡ ያለው መረጃ 1.3 ያህል ነው። አስተዳደሩ ቮሊዩሙ ወደ 2 እንዲወርድና ቀሪው ለሌላ ክፍል እንዲሰጥ ይወስናል። ጠንቃቃው ባለሙያ መጀመሪያ መጠባበቂያ ቅጂው መመለስ የሚችል መሆኑን ያረጋግጣል። ከዚያም አገልግሎቱን ያቆማል፤ ፋይል ሲስተሙን ያወርዳል፤ ሙሉ ምርመራ ያደርግለታል። ቀጥሎ ፋይል ሲስተሙን ከታሰበው ግብ ዝቅ አድርጎ ወደ 1.8 ያጠብበዋል። ከዚያም በኤል ቪ ኤም ውስጥ ያለውን ቮሊዩም ወደ 1.9፣ ኤል ቪ ኤም ስለ ዲስኩ የያዘውን መዝገብ ወደ 1.95 ያወርዳል። በመጨረሻ በማከማቻው ላይ ያለውን ቮሊዩም ወደ 2 ይቆርጣል። ሁሉም ከተረጋገጠ በኋላ ከታች ወደ ላይ ተመልሶ እያንዳንዱን እርከን እስከ ጠርዙ ያሰፋዋል። በመካከል የተተወው ክፍተት የስሌት ስሕተት የሚያርፍበት ሜዳ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ተመልሶ ስለሚያዝም የሚባክን ቦታ የለም።

ተቃራኒው ቢደረግ የሚሆነውን ደግሞ መመልከት ይጠቅማል። ባለሙያው ማከማቻውን ቀድሞ ወደ 2 ቢቆርጠው፣ ማከማቻው ትእዛዙ ተፈጽሟል ብሎ ይመልሳል። በመጀመሪያው ሰዓት ምንም ላይታይ ይችላል፤ በቮሊዩሙ መጀመሪያ ላይ ያሉ ፋይሎች እንደ ወትሮው ይከፈታሉ። የተቆረጠው ክፍል ሲነካ ግን ስሕተት ይመጣል። ፋይል ሲስተሙ ወርዶ እንደገና እንዲነሣ ሲታዘዝም በመዝገቡ ያለው የብሎክ ብዛት ከዲስኩ ስፋት ስለሚበልጥ አልነሣም ይላል። በዚህን ጊዜ ቮሊዩሙን መልሶ ማስፋት የጠፋውን አያመጣም። የተመለሱት ሣጥኖች ቁጥራቸው የቀድሞው ቢሆንም ውስጣቸው ባዶ ነው፤ የቀድሞዎቹ ብሎኮች ወደ ጋራ ክምችቱ ገብተው ምናልባትም ለሌላ ክፍል ታድለዋል።

የፋይል ቮሊዩም ልዩነት

እስካሁን የተነገረው ለሰርቨሩ እንደ ዲስክ የሚቀርበውን ብሎክ ቮሊዩም ይመለከታል። በኤን ኤፍ ኤስ የሚቀርብ ፋይል ቮሊዩም ከዚህ ይለያል፤ ምክንያቱም ፋይል ሲስተሙ ራሱ በማከማቻው ውስጥ ይገኛል። ማከማቻው የትኛው ብሎክ ሥራ ላይ እንደ ዋለ ያውቃል፤ የሰርቨሩም ወገን ሊስተካከል የሚገባው እርከን የለውም። ዴቭ ሂትዝ፣ ጄምስ ላውና ማይክል ማልኮም እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት የገለጹት የኔትአፕ ፋይል ሲስተም፣ አዲስ ጽሑፍን ነጻ ሆኖ ባገኘው ሥፍራ ሁሉ የሚያስቀምጥ ነው። በእንዲህ ያለ አሠራር ላይ የቆመ ቮሊዩም የተወሰነ የዲስክ ክልል ባለቤት ስላልሆነ፣ ስፋቱን መለወጥ ገደቡን ከመለወጥ ብዙም አይለይም።

በአንዱ ማከማቻ ውስጥ እንኳ ሁለቱ ጠባዮች ጎን ለጎን ይገኛሉ። ዜድ ኤፍ ኤስ ለፋይል ክፍል የተሰጠውን ጠቅላላ የቦታ ገደብ አስቀድሞ ከተያዘው በታች እንዲያወርድ ቢታዘዝ፣ እንቢ ብሎ ምክንያቱን ይናገራል። በዚያው በዜድ ኤፍ ኤስ ላይ የተበጀ ብሎክ ቮሊዩም ግን እንዲጠብ ሲታዘዝ በላዩ ስላለው ነገር ምንም ስለማያውቅ ይጠብባል፤ በጅራቱ የነበረውም አብሮ ይሄዳል። በፋይል ቮሊዩም ላይ ሥራ የለመደ እጅ ወደ ብሎክ ቮሊዩም ሲሻገር ልማዱን ይዞ እንዳይሄድ መጠንቀቅ ያለበት ስለዚህ ነው።

ስለ መለኪያው

በምሳሌው 2 ቴራ የተባለው ቃል ራሱ የተደበቀ ወጥመድ አለው። ዲስክ ሻጮች ቴራባይት ሲሉ 1,000,000,000,000 ባይት ማለታቸው ነው። ብዙ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ግን በዚያው ስም የሚቆጥሩት 1,099,511,627,776 ባይት ነው፤ ለዚህ ሁለተኛው መጠን ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1998 ለዚህ ዓይነቱ ቆጠራ ካወጣቸው ስያሜዎች ጋር የሚሄደው ስም ቴቢባይት ነው። ፋይል ሲስተሙ በቴቢባይት ቆጥሮ ወደ 2 ቢጠብ ስፋቱ 2,199,023,255,552 ባይት ይሆናል። ማከማቻው በቴራባይት ቆጥሮ ወደ 2 ቢቆረጥ ስፋቱ 2,000,000,000,000 ባይት ነው። ቅደም ተከተሉ በትክክል ተጠብቆ እንኳ 199,023,255,552 ባይት ከፋይል ሲስተሙ ጅራት ይቆረጣል። በሁለቱም ወገን ማያ ገጽ ላይ የሚነበበው ቁጥር ግን 2 ነው።

ከዚህ የሚያድነው ዘዴ ቀላል ነው። የእያንዳንዱ እርከን ስፋት በባይት ወይም በሴክተር፣ አሐዙ ሳይጠጋጋ በአንድ ወረቀት ላይ ተራ በተራ ይጻፋል። የላይኛው ቁጥር ከታችኛው ቁጥር ያነሰ መሆኑ ከትእዛዙ በፊት በዓይን ይታያል። ቁጥሩ ረጅም በመሆኑ አሰልቺ ነው፤ የመዝገቡ ደኅንነት ግን ያለው በእነዚያ በሚሰለቹት አሐዞች ውስጥ ነው።

ስናፕሾትና መጠባበቂያ ቅጂ

ከለውጡ በፊት ስናፕሾት መውሰድ ጥሩ ልማድ ነው፤ አገልግሎቱ ቆሞ ወይም ዳታቤዙ ጸጥ ብሎ የተወሰደ ስናፕሾት ፈጣን መመለሻ ሊሆን ይችላል። ሁለት ነገር ግን መታወቅ አለበት። አንደኛ፣ ስናፕሾት የቀድሞዎቹን ብሎኮች ይዞ ስለሚቆይ፣ ተጠቃሚው ብዙ ፋይል ቢሰርዝም የተለቀቀ ቦታ ላይገኝ ይችላል፤ ቮሊዩሙን ለማጥበብ ሲባል ቦታ ለማስለቀቅ የሚሞክር ባለሙያ ይህን ካላወቀ ይደናገራል። ሁለተኛ፣ ስናፕሾቱ የሚኖረው በዚያው ማከማቻ፣ በዚያው የጋራ ክምችት ላይ ነው። ክምችቱ ከተበላሸ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ በሌላ መሣሪያ ላይ ያለ መጠባበቂያ ቅጂ ምትክ የለውም።

ቅጂው መኖሩም ብቻውን በቂ አይደለም። ጥር 23 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017፣ ጊትላብ በተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ አንድ መሐንዲስ ሌሊት ሲሠራ በሁለተኛው የዳታቤዝ ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት በዋናው ላይ የመሰረዣ ትእዛዝ ሰጠ። ከ300 ጊጋባይት ያህል መረጃ ትእዛዙ እስኪቋረጥ ድረስ የቀረው 4.5 ጊጋባይት ያህል ብቻ ነበር። ወደ መጠባበቂያ ቅጂው ሲዞሩ ቅጂው የሚቀመጥበት ሥፍራ ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ ቅጂውን የሚያወጣው ፕሮግራም ከዳታቤዙ እትም ጋር ስላልተጣጣመ ሥራውን ሳይፈጽም ይቀር ነበር፤ ይህን የሚያሳውቀው የኢሜይል መልእክትም ለሰው አይደርስም ነበር። ያዳናቸው ከአደጋው ስድስት ሰዓት ያህል በፊት ለሌላ ጉዳይ በእጅ የተወሰደ ስናፕሾት ነው። የስድስቱ ሰዓት ሥራ ግን ጠፋ። ኩባንያው ይህን ሁሉ ሳይሸሽግ ለሕዝብ ማሳወቁ ለሙያው ትልቅ ትምህርት ሆኖ ቀርቷል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይገኛል። ተመልሶ ያልተሞከረ ቅጂ እንዳለ አይቆጠርም፤ ከአደጋ በኋላ ቅጂውን መመርመር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ዓይነት ነው። ሁለተኛውም፣ ትእዛዝ ከመሰጠቱ በፊት በየትኛው ማሽን ላይ እንደ ተቆመ መረጋገጥ አለበት። ማከማቻው ዘንድ ያለው ስምና ሰርቨሩ ዘንድ ያለው ስም ብዙ ጊዜ ስለሚለያዩ፣ የሚለወጠው ቮሊዩም በስሙ ሳይሆን በመለያ ቁጥሩ ከሁለቱም ወገን ተነብቦ መመሳከር ይኖርበታል።

የሥራው ሥርዐት

እነዚህ ሁሉ በአንድ የሥራ ዕቅድ ውስጥ መጻፍ አለባቸው። ዕቅዱ የእርከኖቹን ዝርዝር ከነስፋታቸው፣ የትእዛዞቹን ቅደም ተከተል፣ ከእያንዳንዱ ትእዛዝ በኋላ የሚነበበውን ውጤት፣ ሥራው ሊቀጥል የማይገባበትን ሁኔታ ይይዛል። ትእዛዙን አንዱ ሲጽፍ ሌላው ከዕቅዱ ጋር እያመሳከረ ያነባል።

በኢትዮጵያ ለሚሠራ ባለሙያ ሁለት ነገሮች ይታከላሉ። የመጀመሪያው ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተብሎ በደብዳቤ የተወሰነው ሥራ በማሽኑ ሰዓት 2:00 ነው፤ 8:00 ተብሎ በማሽኑ ላይ ቢቀጠር ሥራው የሚነሣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ሕሙማን በተሰለፉበት ጊዜ ይሆናል። ቀኑም በሁለቱ አቆጣጠር ይለያያል። ስለዚህ በዕቅዱ ላይ የሁለቱም አቆጣጠር ቀንና ሰዓት ጎን ለጎን ይጻፋል። ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ፋይል ሲስተም ብሎኮቹን ወደ ፊት በሚያዛውርበት ጊዜ መብራት ቢጠፋ፣ ግማሹ በአሮጌው ግማሹ በአዲሱ ሥፍራ ሊቀር ይችላል። ማጥበብ ብዙ ሰዓት ሊወስድ ስለሚችል ባትሪው ስንት ደቂቃ እንደሚያቆይና ጄኔሬተሩ ነዳጅ እንዳለው ከመጀመሩ በፊት ይታያል። የሰርቨሩና የማከማቻው ብቻ ሳይሆን በመካከላቸው ያለው የኔትወርክ መሣሪያም በዚያው ባትሪ ላይ መሆኑ መረጋገጥ አለበት።

ማጠቃለያ

ከተነገረው ሁሉ የሚወጣው ምክር፣ የሚቻል ከሆነ ማጥበብን ከነአካቴው የማያስፈልግ ማድረግ ነው። ማስፋት ቀላልና ይቅርታ ያለው ሥራ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ክፍል ዛሬ የሚበቃውን ሰጥቶ ፍላጎቱ ሲያድግ ማስፋት ይሻላል። ክፍሎች በበጀት ጊዜ ወደፊት እናጣለን ብለው ብዙ ቦታ ሲጠይቁ፣ ባለሙያው አጠቃቀማቸውን በየወሩ መዝግቦ ቢይዝ ክርክሩ በቁጥር ያልቃል። ማጥበብ የግድ በሆነ ጊዜም፣ በቂ ቦታ ካለ አዲስ ትንሽ ቮሊዩም አዘጋጅቶ መረጃውን መገልበጥና አሮጌውን እስኪረጋገጥ ድረስ ማቆየት፣ ያለውን ቮሊዩም በቦታው ከመቁረጥ ይመረጣል። በዚህ መንገድ ስሕተት ቢፈጠር አሮጌው ሳይነካ ይገኛል።

በመጨረሻም፣ የሥራው ኃላፊነት የባለሙያው ብቻ አይደለም። ዛሬ ማታ ይለቅ ብሎ የሚያዝዝ ኃላፊ፣ ቅጂውን ለመፈተሽና አገልግሎቱን ለማቆም የሚያስፈልገውን ጊዜ አብሮ መስጠት አለበት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ተረት በማከማቻ ላይ ሙሉ በሙሉ አይሠራም፤ ከቮሊዩም ጅራት የፈሰሰው አይለቀምና። ስለዚህ ቅጂው ሳይሞከር፣ የእርከኖቹም ስፋት በባይት ሳይጻፍ እንዲያጠብብ የተጠየቀ ባለሙያ፣ ይህ እስኪሟላ ድረስ ሥራውን እንደማይጀምር ለኃላፊው በጽሑፍ ማሳወቅ ይገባዋል። በዚያ ወረቀት ላይ የሚፈርመው ፊርማ በቮሊዩሙ ውስጥ ካርዳቸው ላለ፣ እርሱንም ስሙን ለማያውቁት ሕሙማን ሁሉ የተሰጠ ዋስትና ነው።